የሥነ ልቡና ንዑስ ትምህርት ለሳይንስ ተማሪዎች፤ ምርጫውና ዕቅዱ

መግቢያ

በሀገራችን ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ የተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ ነው። ለአብዛኛው የሳይንስ ተማሪ ይህ ኮርስ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የሥነ ልቡና ትምህርት ሆኖ ያልፋል። ጥቂቶች ግን ኮርሱን ሲጨርሱ፣ «ይህን ትምህርት ከዋናው ሙያዬ ጎን ለጎን ብቀጥልበትስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ያለ ዕቅድ ከተሰጠ ተማሪው ሁለትና ሦስት ዓመት ደክሞ፣ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ጥቂት ኮርሶችን ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የሥነ ልቡና ንዑስ ትምህርት ለአንድ የሳይንስ ተማሪ ምን እንደሚጠቅም፣ እንዴት እንደሚመረጥና በምን ቅደም ተከተል እንደሚወሰድ እንመለከታለን። ዋናው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ንዑስ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው ኮርሶቹ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲሰባሰቡና የስታትስቲክስና የምርምር ዘዴ ኮርሶች ከሁሉም ቀድመው ሲወሰዱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ንዑስ ትምህርት ምንድን ነው?

በተለምዶ ሜጀር የሚባለው ዋና ትምህርት ተማሪው ዲግሪ የሚቀበልበት መስክ ነው። ማይነር ወይም ንዑስ ትምህርት የሚባለው ደግሞ ከዋናው ጎን ለጎን በሌላ ትምህርት ክፍል የሚወሰዱ የተወሰኑ ኮርሶች ስብስብ ነው። መጠኑ ከተቋም ተቋም የሚለያይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 24 ክሬዲት ሰዓት ይደርሳል። ይህም ከአምስት እስከ ስምንት የሚደርሱ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርሶች ማለት ነው። ንዑስ ትምህርትን በይፋ መዝግበው በትራንስክሪፕት ላይ የሚያሰፍሩ ተቋማት አሉ። ይህ አሠራር በሌለበት ተቋም የሚማር ተማሪም በምርጫ ኮርሶቹ አማካይነት ተመሳሳይ ዕውቀት ሊያካብት ይችላል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ንዑስ ትምህርት ሰውን የሥነ ልቡና ባለሙያ ወይም የምክር አገልግሎት ሰጪ አያደርግም። ለዚያ በመስኩ ዲግሪ፣ ከዚያም በላይ ከፍ ያለ ትምህርትና በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የተግባር ልምምድ ያስፈልጋል። ንዑስ ትምህርት የሚሰጠው ከዚህ የተለየ ነው፤ ተማሪው በዋናው መስኩ ውስጥ የሚገጥመውን ከሰው ባሕርይ ጋር የተያያዘ ጥያቄ በሳይንሳዊ መንገድ እንዲያይ ያስችለዋል።

ሥነ ልቡና ይለካል

በብዙ ሰዎች ዘንድ ሥነ ልቡና ማለት የሰውን ሐሳብ አንብቦ ማወቅ ወይም ምክር መስጠት ነው። የትምህርቱ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከልኬት ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር በ1860 ባሳተመው ሥራ፣ በዓለም ላይ ባለው አካላዊ ኃይልና በሰው ስሜት መካከል ያለውን ግንኙነት በሒሳብ ለመግለጽ ሞከረ። እርሱ የተመሠረተው ከእርሱ ቀደም ብሎ ኤርነስት ቬበር ባደረገው ግኝት ላይ ነበር። የቬበር ሕግ እንደሚለው፣ አንድ ሰው ለውጥን ለማስተዋል የሚያስፈልገው ጭማሪ ቋሚ መጠን ሳይሆን ቋሚ ድርሻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ኪሎ የያዘ ሰው ልዩነቱ የሚታወቀው 20 ግራም ሲጨመርበት ከሆነ፣ ሁለት ኪሎ ለያዘው ሰው 40 ግራም ያስፈልገዋል። ፌክነር ከዚህ ተነሥቶ ስሜት የሚያድገው በሎጋሪዝም ነው የሚል ቀመር አቀረበ። ቀመሩ ለሁሉም የስሜት ሕዋሳት በትክክል እንደማይሠራ በኋላ ቢታወቅም፣ ስሜት ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑ ግን በዚህ መንገድ ታየ። ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲግ ከተማ የመጀመሪያው ነው የሚባለውን የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ አቋቋመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሄርማን ኤቢንግሃውስ ጥናት ለተማሪ ይበልጥ ይቀርባል። ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ተጠኚው እርሱ ራሱ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በዝርዝር እያዘጋጀ አጠና፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ያንኑ ዝርዝር እንደገና አጠና። የለካው ነገር በሁለተኛው ጥናት የተረፈለትን ጊዜ ነበር። አንድን ዝርዝር መጀመሪያ ለማጥናት 10 ደቂቃ ወስዶበት፣ ከቀናት በኋላ 6 ደቂቃ ቢበቃው፣ ትርፉ 4 ደቂቃ ወይም 40 በመቶ ነው ማለት ነው። በዚህ ስሌት ትርፉ ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኘው። ከቁጥሮቹ እንደምንረዳው መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የራዲዮአክቲቭ መበስበስን ወይም የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነትን የተማረ አንባቢ ይህን መሰል ቁልቁል የሚወርድ ኩርባ ከዚህ ቀደም አይቷል።

የምንገምተውና የሚለካው ሲለያዩ

ልኬት ያስፈለገበት ምክንያት ስለ ራሳችን ያለን ግምት ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስተን ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎችን አነበቡ። ከዚያም አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደግሞ ማንበብ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱ 81 በመቶ ለ75 በመቶ ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተፈተኑት ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ።

ተማሪ በፈተና ዋዜማ ደብተሩን ደጋግሞ ሲያነብ «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ያድርበታል። ያ ስሜት ሐሰት አይደለም፤ የሚነግረው ግን ስለ አምስት ደቂቃው እንጂ ስለ ሳምንቱ አይደለም። በሙከራው ውስጥ የፈተናው ጊዜ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመራማሪዎቹም ግማሹን እውነት ብቻ ያገኙ ነበር። የሥነ ልቡናን ኮርሶች ሳይንስ የሚያደርጋቸው እንዲህ ያለው የሙከራ አሠራር እንጂ የሚያወሱት ርእሰ ጉዳይ አይደለም።

ከሌሎች ሳይንሶች ጋር ያለው ዝምድና

የሳይንስ ተማሪ ወደ ሥነ ልቡና ሲሄድ ወደ ባዕድ ሀገር የሚሄድ አይደለም። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው የፊዚዮሎጂ ምርምር ነው። ውሾቹ ምግቡ ሳይመጣ አስቀድመው ምራቃቸውን ማዝረብረባቸውን ማጥናቱ ግን የመማርን ሳይንስ ከመሠረቱት ሥራዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን የተማሪዎችን የፈተና ውጤቶች ተዛምዶ ሲመረምር፣ ዛሬ በብዙ መስኮች የሚያገለግለውን የፋክተር ትንተና የስታትስቲክስ ዘዴ ጀመረ።

የኮምፒዩተር ሳይንስም ዕዳ አለበት። ፐርሴፕትሮን የተባለውን፣ ከተሞክሮ የሚማር ቀደምት ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ በ1958 ያስተዋወቀው ፍራንክ ሮዘንብላት የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበር፤ ጽሑፉም የወጣው በሥነ ልቡና መጽሔት ላይ ነው። በ1986 ስሕተትን ወደ ኋላ እያሰራጩ መረብን የማስተማር ዘዴን በሰፊው ካስተዋወቁት ሦስት ጸሐፊዎች መካከል ዴቪድ ሩመልሃርት የሥነ ልቡና ተመራማሪ ነበር። ሁለተኛው ጄፍሪ ሂንተን የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በሙከራዊ ሥነ ልቡና ሲሆን፣ በ2024 ከጆን ሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እነዚህ ሰዎች ሁለት መስክ ያወቁት ርእሶችን ለማብዛት ብለው አልነበረም፤ የያዙት ጥያቄ በአንድ መስክ ብቻ የሚመለስ ስላልሆነ ነው።

የዕቅዱ አከርካሪ፤ ስታትስቲክስና የምርምር ዘዴ

ብዙ ተማሪዎች ንዑስ ትምህርት ሲመርጡ ስታትስቲክስንና የምርምር ዘዴን ወደ መጨረሻ ይገፋሉ፤ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂን፣ የስብዕና ጥናትን ወይም የአእምሮ ሕመምን የሚመለከቱ ኮርሶችን ያስቀድማሉ። ይህ ቅደም ተከተል ጉዳት አለው። ምክንያቱም ተማሪው በኋለኞቹ ኮርሶች የሚነገረውን ግኝት የሚመዝንበት ሚዛን ሳይኖረው ይቀበላል።

ሚዛኑ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በ2015 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው፣ በታወቁ የሥነ ልቡና መጽሔቶች የወጡ 100 ጥናቶችን ደግመው በመሥራት ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው በስታትስቲክስ ረገድ ጉልህ ውጤት የነበራቸው ሲሆን፣ ሲደገሙ ግን ጉልህ ውጤት የሰጡት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። አንድ ጥናት ሲደገም አለመሳካቱ የመጀመሪያው ሐሰት መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም፤ የናሙናው ማነስ ወይም የሁኔታው መለያየት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ናሙና፣ ጉልህነትና የውጤት መጠን የሚባሉትን ያልተማረ ሰው ይህን ክርክር ሊከታተል አይችልም። በመማሪያ መጽሐፍ የተጻፈውን ሁሉ ያምናል፤ ወይም ሁሉንም ይክዳል። ሁለቱም ከሳይንስ የራቁ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት እኛን ይበልጥ ይመለከታል። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ያስታወሱት አንድ ትንተና፣ በዋና ዋና የሥነ ልቡና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶ ያህሉ የዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ «ሰው እንዲህ ነው» ተብሎ የተጻፈው ግኝት ጎንደር፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ይሠራ እንደሆነ ገና መፈተን ያለበት ጥያቄ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 የአዎንና የአይደለም ጥያቄዎች ያሉት የአእምሮ ጤና መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በሀገራችን ጥናቶች አገልግሏል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በሆድ ውስጥ የሚሰማ ደስ የማይል ስሜትን የሚመለከት ነው። በአማርኛ ግን ሆድ የአካል ክፍል ብቻ አይደለም። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሰው ስለ ኀዘኑ እየተናገረ ነው። በሌላ በኩል የአንጀት ጥገኛ ትላትል በሚበዛበት አካባቢ «አዎን» ብሎ የመለሰ ሰው በእርግጥ አንጀቱን ታሞ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አንዱ መልስ ከሦስት ምንጭ ሊመጣ ይችላል፤ ከጭንቀት፣ ከቋንቋው አነጋገር ወይም ከጥገኛ ትል። ይህን ለመለየት ባዮሎጂን፣ የልኬትን ተገቢነትና የሀገሩን ቋንቋ አጣምሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በሥነ ልቡና ንዑስ ትምህርት የወሰደ የባዮሎጂ ተማሪ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተሻለ ዝግጅት ይኖረዋል።

ዕቅዱ እንዴት ይዘጋጃል?

አንደኛ፣ ጥያቄ መጻፍ። ተማሪው ከዋናው ትምህርቱ ተነሥቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ የሚችል ጥያቄ ይምረጥ። «የሰው ልጅ ለምን እንዲህ ይሆናል?» የሚለው ሰፊ ነው። «የእንቅልፍ ማጣት በነርቭ ሥርዓትና በማስታወስ ላይ ምን ያስከትላል?» የሚለው ግን የባዮሎጂ ተማሪን ወደ ሥነ ሕይወታዊ ሳይኮሎጂና ወደ ትውስታ ጥናት ይመራዋል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ «በአማርኛ የተዘጋጀ የሞባይል ስልክ ገጽታ ለአዲስ ተጠቃሚ የሚከብደው ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ ትኩረት፣ ወደ ግንዛቤና ወደ ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ይሄዳል። የስታትስቲክስ ወይም የሒሳብ ተማሪ «አንድ የመግቢያ ፈተና የሚለካው ምንድን ነው?» በሚለው ተመርቶ የሥነ ልቡና ልኬትን ይመርጣል። አንድ ኮርስ ለጥያቄው ምን እንደሚጨምር መናገር ካልተቻለ፣ ርእሱ የቱንም ያህል ቢማርክ ቦታ አይሰጠው።

ሁለተኛ፣ ካታሎጉን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ። ለመጨረሻ ሊወሰድ ከታሰበው ኮርስ ይጀመርና የትኛው ኮርስ መቅደም እንዳለበት፣ ለዚያም ደግሞ ምን እንደሚቀድም ይጻፍ። እያንዳንዱ ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥም ይመዝገብ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች ብዙ ናቸውና። የዋናው ትምህርት የቤተ ሙከራ ሰዓታት ከእነዚህ ኮርሶች ጋር እንዳይጋጩ ማረጋገጥም የዚህ እርምጃ ክፍል ነው።

ሦስተኛ፣ መደልደል። ለአራት ዓመት ዲግሪ፣ 18 ክሬዲት ለሚጠይቅ ንዑስ ትምህርት የሚከተለው ድልድል እንደ አብነት ሊወሰድ ይችላል።

አንደኛ ዓመት፦ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ።
ሁለተኛ ዓመት፣ አንደኛ ሴሚስተር፦ ስታትስቲክስ።
ሁለተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር፦ የምርምር ዘዴ።
ሦስተኛ ዓመት፣ አንደኛ ሴሚስተር፦ ለጥያቄው በጣም የሚቀርበው የቅርንጫፍ ኮርስ።
ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር፦ ሁለተኛ የቅርንጫፍ ኮርስ።
አራተኛ ዓመት፣ አንደኛ ሴሚስተር፦ አነስተኛ ጥናት የሚሠራበት ኮርስ።
አራተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር፦ ባዶ፤ ለመጠባበቂያና ለመመረቂያ ጽሑፍ።

በዋናው ትምህርቱ ስታትስቲክስ የሚወስድ ተማሪ ኮርሱ ለንዑስ ትምህርቱም ይያዝለት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የመጠባበቂያው ሴሚስተር ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። ኮርሶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጡና ተማሪው በሁለተኛ ዓመት ስታትስቲክስ ቢያመልጠው፣ ኮርሱን የሚያገኘው በሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ነው። የምርምር ዘዴው ወደ ሦስተኛ ዓመት ማብቂያ፣ የመጀመሪያው የቅርንጫፍ ኮርስ ወደ አራተኛ ዓመት መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ደግሞ ባዶ ወደነበረው የመጨረሻ ሴሚስተር ይገፋሉ። ጥናት የሚሠራበት ኮርስ የቅርንጫፍ ኮርስ እንዲቀድመው የሚያስገድድ ከሆነ ደግሞ ወደ አምስተኛ ዓመት ይተርፋል። በአንድ ሴሚስተር የተጀመረ መዘግየት ሙሉ ዓመት ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ ጫናውን ማስላት። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የግል ጥናት ሰዓት ቢታሰብ፣ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። ይህ ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መመዝገብ ዋናውን ትምህርት መጉዳት ነው።

አምስተኛ፣ ዕቅዱን ማጽደቅ። የተዘጋጀው ዕቅድ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለዋናው ትምህርት አማካሪና ለሥነ ልቡና ትምህርት ክፍል ይቅረብ፤ ከዚያም በሬጅስትራር መዝገብ ላይ መስፈሩ ይረጋገጥ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ አማካሪው ሲቀየር ይረሳል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነጥቦች

ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ስለ አእምሮ ሕመም ጥቂት የተማረ ሰው ጓደኛውንና ቤተሰቡን በሕመም ስም ለመጥራት ይፈተናል። የሕመምን ምልክቶች ዝርዝር ማወቅና ምርመራ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለተጨነቀ ጓደኛ የሚደረገው ትልቁ እርዳታ ማዳመጥና ወደ ባለሙያ እንዲሄድ ማበረታታት ነው።

ሁለተኛው፣ አንዳንድ ተማሪዎች ሥነ ልቡናን የሚመርጡት የራሳቸውን ጭንቀት ለመፍታት ብለው ነው። ኮርሱ ራስን ለመረዳት ሊያግዝ ቢችልም፣ የሕክምናን ወይም የምክር አገልግሎትን ቦታ አይተካም። በችግር ላይ ያለ ተማሪ የኮርሱን መጀመር ሳይጠብቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት መሄድ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የሥነ ልቡና ንዑስ ትምህርት ለሳይንስ ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ስለ ሰው የሚነገረውን ሁሉ «በምን ተለካ? በማን ላይ ተለካ? ሲደገምስ ምን ሆነ?» ብሎ የመጠየቅ ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ የሚገኘው ደግሞ ጥያቄን አስቀድሞ በመምረጥ፣ ስታትስቲክስንና የምርምር ዘዴን ከፊት በማስቀመጥና ለመዘግየት ቦታ በመተው ነው። በገዛ ቋንቋችንና በገዛ ሕዝባችን ላይ ገና ያልተጠና ብዙ ነገር አለ። በዚህ ጥናት ላይ የሚሠማራው ተማሪ ከሁለት መስክ የተውጣጣ ዝግጅት ያስፈልገዋል፤ ዝግጅቱም የሚጀምረው የሁለተኛ ዓመት ምዝገባ ከመድረሱ በፊት በሚጻፍ አንድ ገጽ ዕቅድ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የኤቢንግሃውስ የጥናት ውጤት የተገኘው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ የውጤቱን ዋጋ የሚቀንሰው በምን ረገድ ነው? በምንስ ረገድ አይቀንሰውም?
2. በሮዲገርና በካርፒክ ሙከራ ፈተናው ከ5 ደቂቃ በኋላ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ምን ዓይነት የተሳሳተ ምክር ለተማሪዎች ይሰጥ ነበር?
3. ከዋናው ትምህርታችሁ ተነሥታችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጻፍ የሥነ ልቡና ጥያቄ አዘጋጁ። ጥያቄውን ለመመለስ ምን ትለካላችሁ?